ስለ ቀላል ድሮኖች፤ ከማዘዝ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው

ገበያ አዲስ ዕቃ ባመጣ ቍጥር ነጋዴ ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባዋል። አንደኛው፣ ሰው ለምን ወደደው? ሁለተኛው፣ ሕግ ምን ይለዋል? የፊተኛውን ብቻ ጠይቆ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ትርፉን በወረቀት ላይ ያየዋል እንጂ በእጁ አይጨብጠውም። ድሮን የተባለው ሰው አልባ በራሪ መሣሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ የዛሬው ትምህርታችን በእርሱ ላይ ነው።

፩ኛ፤ የመወደዱ ምክንያት። ቀድሞ ከሰማይ ሥዕል ለማንሣት ሄሊኮፕተር መከራየት ግድ ነበር። ዛሬ ግን ክንዶቹ ታጥፈው በኪስ የሚያዝ መሣሪያ፣ ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ቦታውን ጠብቆ አየር ላይ ቆሞ ያነሣል። ስለዚህ በኮልፌ ቀራንዮ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ሠርግ የሚቀርጽ ፎቶ አንሺም ሆነ ሕንፃ የሚያሠራ ተቋራጭ ቢመኘው አያስደንቅም።

፪ኛ፤ የ250 ግራም ነገር። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከ250 ግራም የሚበልጥ ድሮን እንዲመዘገብ አዘዘ። ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያም በጥቅምት 2012 ዓ.ም. 249 ግራም የሚመዝነውን ማቪክ ሚኒ ለገበያ አቀረበ። አንዲቱ ግራም በአጋጣሚ የጐደለች አይደለችም። ይሁን እንጂ በዚያው በአሜሪካ እንኳ ለንግድ ሥራ የሚበር ከሆነ ቀላሉም ይመዘገባል።

፫ኛ፤ የአገራችን ሥርዓት። በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት ያስፈልጋል። ፈቃድ ሳይዝ የመጣ መንገደኛ መሣሪያው በቦሌ ጉምሩክ ይያዝበታል። በካርቶኑ ላይ «249 ግራም» ተብሎ መጻፉ ለዕቃው ማስታወቂያ ነው እንጂ ለነጋዴው የፈቃድ ወረቀት አይደለም።

፬ኛ፤ የታሪፍ አመዳደብ። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የዕቃዎች ስያሜ ሰው አልባ በራሪዎች 88.06 የሚል የራሳቸው አንቀጽ ተሰጥቷቸዋል። ከርቀት ብቻ የሚነዱት በሚነሡበት ከፍተኛ ክብደት ይከፋፈላሉ፤ እስከ 250 ግራም ያለው አንድ ክፍል፣ ከዚያ በላይ እስከ 7 ኪሎ ግራም ያለው ሌላ ክፍል ነው። ለመዝናኛ ብቻ የተሠራ በራሪ መጫወቻ ግን ከአሻንጉሊቶች ጋር በ95.03 ይመደባል። እንግዲህ ሥዕል ለማንሣት የተሠራውን ድሮን «መጫወቻ» ብሎ ማስመዝገብ ብልኀት መስሎ የሚታየው ሰው ሐሰተኛ መግለጫ መስጠቱን ይወቅ። ደግሞም ባትሪው ክብደቱን ሊለውጠው ይችላል፤ ዲጄአይ ሚኒ 3 ትልቁ ባትሪ ሲገጠምለት ወደ 290 ግራም ይደርሳል።

፭ኛ፤ ስለ ጭነቱ። የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ከመሣሪያው ተለይቶ ለብቻው የታሸገ እንደ ሆነ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በመንገደኛ አውሮፕላን በካርጎ አይጫንም። ትርፍ ባትሪ አብሮ የሚያዝ ሰው የማጓጓዣውን ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከዚህ የተነሣ ነጋዴው የሚከተለው ተራ ይህ ነው። አስመጪው በመጀመሪያ ፈቃዱን ይጠይቅ፤ ቀጥሎ የታሪፍ ቍጥሩን ከጉምሩክ ይረዳ፤ ገንዘብ የሚከፍለው ከዚያ በኋላ ይሁን። ባለሱቁ ደግሞ ዕቃው ርካሽ ነው ብሎ ዲክላራሲዮን የሌለውን አይግዛ፤ አምጪው ሻንጣውን አራግፎ ሲሄድ ዕቃው የሚያዘው፣ ተጠያቂነቱም የሚወድቀው በመደርደሪያው ባለቤት ላይ ነውና። ለገዢም የሽያጭ ደረሰኝ የማብረሪያ ፈቃድ አለመሆኑን በግልጽ ይንገረው። ፎቶ አንሺው ያለ ፈቃድ አብርሮ መሣሪያው ቢወሰድበት፣ የሸጠለትን ሱቅ ሳያማርር አይቀርም፤ ሁለተኛም ደጁን አይረግጥም።