ታፍሪት፦ ቦታውን ሳይሆን ቃሉን እንያዝ

የዛሬው ትምህርቴ ስለ አንዲት ቃል ነው፤ እሷም ታፍሪት ናት። ምግብ ቤት ገብተን የምናየው የምግብ ዝርዝር ታፍሪት ይባላል። በኮምፒዩተርና በቴሌፎን ላይ ወደየክፍሉ የሚያስገባን የቃላት ዝርዝርም ስሙ ያው ታፍሪት ነው።

ለምሳሌ ሊቼስን እንውሰድ። በ2010 የተጀመረ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ማስታወቂያም የሌለበት የቼዝ መጫወቻ ነው። ቼዝ መቼም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ድሮ በመኳንንቱ ቤት ሰንጠረዥ እየተባለ ይጫወቱት ነበር። በሊቼስ ታፍሪት ላይ መጫወት፣ እንቆቅልሽ፣ መማር፣ መመልከት የሚሉ ክፍሎች አሉ። ልብ በሉ፣ አብዛኞቹ ሰው ሊያደርግ የፈለገውን ይናገራሉ። ጥሩ ታፍሪት እንዲህ ነው።

ታዲያ ታፍሪት ለምን ይለወጣል? በየጊዜው አዲስ ነገር ሲጨመር ዝርዝሩ ይረዝማል፣ ተፈላጊው ይደበቃል። ያን ጊዜ ሠሪዎቹ እያንዳንዱን ነገር በትንሽ ካርድ ላይ ይጽፉና ለተጫዋቾች ይሰጣሉ፤ ተጫዋቾቹም የሚዛመደውን ካርድ አንድ ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ ለየክፍሉ ሰው የሚያውቀው ስም ይወጣለታል። በመጨረሻም አንድ ሰው ጠርተው፣ «ጨዋታ የሚጀመርበትን ፈልግ» ይሉትና ሳይረዱት ዝም ብለው ያያሉ። ከጠፋበት ጥፋቱ የታፍሪቱ ነው እንጂ የሰውዬው አይደለም።

በዕብራይስጥ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ጽሑፉ ከቀኝ ስለሚነሣ ታፍሪቱም ከቀኝ ይጀምራል። የቼዙ ገበታ ግን አይገለበጥም፤ በየትም አገር ቢሆን በተጫዋቹ ቀኝ ያለው የታች ማዕዘን ነጭ ነው። በቴሌፎን ላይ ደግሞ ታፍሪቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አግዳሚ መስመሮች ሥር ተሸሽጎ ይገኛል። ይህን ምልክት ኖርም ኮክስ በ1981 ገደማ ለዜሮክስ ስታር ኮምፒዩተር የሠራው ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። ብዙዎቻችን፣ በተለይም ትልልቆቹ፣ የምንማረው በቦታ ነው። ልጅ፣ «እማማ፣ ከላይ ሦስተኛዋን ይጫኑ» ይላል፤ እኛም ሦስተኛዋን እንይዛለን። ታፍሪቱ የተለወጠ ቀን ግን እንደገና ልጅ መጥራት ነው! ለጨዋታ ብቻ ቢሆን ግድ የለም፤ የኩፓት ኾሊም ቀጠሮና የባንክ ጉዳይም በዚያው በታፍሪት ነው የሚያልፈው። ቃሉን ያነበበ ሰው ግን ቃሉ ወዴትም ቢሄድ ያገኘዋል፣ ምሥጢሩንም ራሱ ይጠብቃል።

እነዚህን አራት ቃላት እንያዝ፦

ሚስኻቅ፦ ጨዋታ። የእኛ «ሳቅ» እና የግዕዙ «ሠሐቀ» ዘመዶቹ ናቸው።
ክኒሳ፦ መግቢያ። ቤት ክኔሴት እና ክኔሴት ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው።
ኤዝራ፦ እርዳታ። ዕዝራ የሚለውን ስም አስታውሱ።
ኻዛራ፦ መመለስ። ከጠፋችሁ እሷን ፈልጉ።

መልመጃ፦ ሁለት ሁለት ሆናችሁ የአንድ መጫወቻ ታፍሪት ላይ ያሉትን ቃላት በካርድ ጻፉ፣ ደባልቁ፣ እንደገናም በክፍል በክፍል አስቀምጡ። ከዚያ ጎረቤታችሁ ክኒሳን ይፈልግ፤ እናንተ አትንገሩት።

ቤሃጽላኻ!