በረሃን ለዐይን መሸጥ፤ ከናሚቢያ የፎቶግራፍ ጉዞ ንግድ የሚገኝ ትምህርት

ንግድ በተባለ ጊዜ ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው በጆንያ የታሰረ ቡና፣ በጥቅል የመጣ አቡጀዲ፣ በሣጥን የታሸገ የመኪና መለዋወጫ ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው ከአገር ሳይወጣ፣ በጉምሩክ ሚዛንም ላይ ሳይቀመጥ፣ ገዢው ራሱ መጥቶ፣ አይቶና ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚመለስበት፣ ዋጋውም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ንግድ አለ። ይኸውም በአስጎብኚ የሚመሩ ጥቂት ሰዎች የዱር አራዊትን ፎቶግራፍ ለማንሣት በበረሃ የሚያደርጉት ጉዞ ነው። ይህ ንግድ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ከናሚቢያ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩ኛ፤ ዕቃው ምንድን ነው?

ናሚቢያ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ትገኛለች። ነፃነቷን ያገኘችው በ1990 ነው። የመሬቷ ስፋት ከ820 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በ2023 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ግን የሕዝቧን ቍጥር 3 ሚሊዮን ያህል ብቻ አድርጎታል። በባሕሩ ዳር የተዘረጋው የናሚብ በረሃ ዝናብ እምብዛም አያገኝም። ሆኖም ቤንጉዌላ የሚባለው ቀዝቃዛ የባሕር ሞገድ ከሞቃቱ አየር ጋር ሲገናኝ ጉም ይፈጥራል፤ ጉሙም ሌሊትና ማለዳ ወደ በረሃው እየገባ ለብዙ ፍጥረት የውኃ ምንጭ ይሆናል። እንዲያውም ጀርባዋን ወደ ነፋስ አቅንታ፣ ራሷን ወደ ታች ደፍታ፣ በሰውነቷ ላይ የተጠራቀመውን የጉም ጠብታ የምትጠጣ ጥንዚዛ አለች።

ጎብኚዎች በብዛት የሚሄዱት ወደ ሦስት ስፍራዎች ነው። የመጀመሪያው ሶሱስፍሌ ነው፤ በዚያ ቀያይ የአሸዋ ተራሮች አንዳንዶቹ ከ300 ሜትር በላይ ይቆማሉ፤ በአጠገባቸውም በሚገኘው ነጭ ሜዳ ላይ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የደረቁ የግራር ዛፎች በአየሩ ድርቀት ምክንያት ሳይበሰብሱ እንደ ቆሙ ይታያሉ። የናሚብ የአሸዋ ባሕር በ2013 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሁለተኛው በ1907 የአራዊት ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተከለለው ኤቶሻ ነው፤ በመካከሉ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ነጭ ጨዋማ ሜዳ አለ። ሦስተኛው በሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የኩኔኔ ምድር ነው፤ በዚያ ሆአኒብንና ሁአብን የመሳሰሉ ደረቅ ወንዞችን እየተከተሉ የሚኖሩ የበረሃ ዝሆኖች፣ ጥቁር አውራሪሶች፣ ቀጭኔዎችና አንበሶች ይገኛሉ።

፪ኛ፤ ጊዜና ብርሃን ዋጋ አላቸው

የእህል ነጋዴ መኸርን እንደሚጠብቅ ሁሉ የዚህም ንግድ ባለቤት ወቅትን ይጠብቃል። በናሚቢያ ደረቁ ወራት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ናቸው። በዚያን ጊዜ በዱሩ ውስጥ ያለው ውኃ ስለሚያልቅ አራዊቱ በጥቂት የውኃ ጉድጓዶች ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ፎቶግራፍ አንሺውም እነርሱን ለመፈለግ ከመድከም በጉድጓዱ አጠገብ በትዕግሥት መቀመጥ ይበቃዋል።

ከወሩም ሌላ ሰዓቱ ዋጋ አለው። በበረሃ የቀትር ፀሐይ ጥላን አጥፍታ ቀለምን ታፈዝዛለች፤ ማለዳና ማታ ግን የአሸዋው ተራራ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከዚህ የተነሣ በሶሱስፍሌ ከውስጠኛው በር ያደሩ እንግዶች ፀሐይ ሳትወጣ ጉዞ ሲጀምሩ፣ በውጭ ያደሩት ግን የዋናውን በር መከፈት መጠበቅ አለባቸው። አልጋው ያው አልጋ፣ ምግቡም ያው ምግብ ሆኖ ሳለ፣ የአንድ ሰዓት ብርሃን ልዩነት አንዱን ማደሪያ ከሌላው ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገዋል። ባለሱቅም ከዚህ የሚማረው አለ፤ ገዢው የሚከፍለው ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ዕቃው በሚፈለግበት ሰዓት በእጁ ስለመገኘቱ ጭምር ነው።

፫ኛ፤ ስለ ምን ጥቂት ሰው?

ብዙ ሰው መጫን ብዙ ትርፍ የሚያስገኝ ይመስላል። ነገር ግን ለፎቶግራፍ የመጣ ሰው በመኪናው መካከል ተቀምጦ በጎረቤቱ ትከሻ ላይ ማነጣጠር አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መንገደኛ አንድ መስኮት፣ ለካሜራውና ለሌንሶቹም በቂ ስፍራ መስጠት ግዴታ ነው። በዚህ ምክንያት ቡድኑ በአብዛኛው ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ባለው ቍጥር ይወሰናል።

ሒሳቡን በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። ለአንድ ጉዞ የመኪናው፣ የነዳጁና የአስጎብኚው ወጪ በአጠቃላይ 18,000 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ መንገደኛ የማደሪያና የምግብ ወጪ 3,000 ዶላር፣ የመሸጫው ዋጋ ደግሞ በሰው 7,000 ዶላር ነው እንበል። ስድስት ሰው ቢመጣ ገቢው 42,000፣ ወጪው 36,000፣ ትርፉም 6,000 ዶላር ይሆናል። አምስት ሰው ቢመጣ ትርፉ ወደ 2,000 ይወርዳል። አራት ብቻ ቢመጡ ግን 28,000 ገብቶ 30,000 ስለሚወጣ የ2,000 ዶላር ኪሣራ ይደርሳል። አንድ ሰው በመቅረቱ ብቻ ትርፍ ወደ ኪሣራ ይለወጣል ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ ንግድ ሦስት የውል ቃላት እንደ ዐይን ብሌን ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው ቀብድ ነው፤ ሁለተኛው ቀሪው ሒሳብ ከጉዞው በፊት በተወሰነ ቀን ተከፍሎ እንዲያልቅ የሚያዝዘው ቃል ነው፤ ሦስተኛው ጉዞው የሚነሣው ቢያንስ ስንት ሰው ሲሞላ እንደ ሆነና ባይሞላ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ የሚገልጸው ነው። እነዚህን በግልጽ ያልጻፈ ነጋዴ ደንበኛውንና ገንዘቡን ባንድነት ያጣል። የምንዛሪም ጥንቃቄ አለ። የናሚቢያ ዶላር በ1993 ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ ዋጋው ከደቡብ አፍሪካ ራንድ ጋር እኩል ሆኖ የተያያዘ ስለሆነ፣ በአሜሪካ ዶላር ወይም በዩሮ የሚሸጥ አስጎብኚ የራንድን መውጣትና መውረድ ሳይከታተል የዓመቱን ዋጋ ሊቈርጥ አይችልም።

፬ኛ፤ የአስጎብኚው ዕውቀት

መኪናም ማደሪያም በገንዘብ ይገዛሉ፤ የመሪው ዕውቀት ግን በዓመታት የሚገኝ ነው። ጥሩ መሪ ፀሐይ በስተጀርባ እንድትሆን መኪናውን ያቆማል፤ ንዝረቱ ፎቶግራፉን እንዳያደበዝዝ ሞተሩን ያጠፋል፤ ከባድ ሌንስ የሚያርፍበት ባቄላ ወይም ሩዝ የተሞላ ከረጢት በመስኮቱ ላይ ያኖራል፤ ነፋስ ባለበት ሌንስ መለወጥ አሸዋን ወደ ካሜራው እንደሚያስገባ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ከሁሉ በላይ ግን ሲበቃ ይበቃል ለማለት ይደፍራል። ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ የምትሄድ ዝሆን ከነግልገሏ ስትመጣ መንገዷን የዘጋ መኪና፣ ለአንድ ሥዕል ሲል የንግዱን ዋና ገንዘብ ይጐዳል። በጠጠሩ ሜዳ ላይ ከመንገድ ወጥቶ የተነዳ መኪናም የጎማው ፈለግ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሳይጠፋ ይኖራል።

ስለ ጥቁር አውራሪስ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ቀንዱን የሚፈልጉ አዳኞች ስፍራውን እንዳያውቁ፣ እንግዶች ቦታን የሚመዘግበውን የስልካቸውንና የካሜራቸውን መሣሪያ እንዲያጠፉ ይጠየቃሉ። የንግድ ምስጢር በመዝገብ ቤት ብቻ ሳይሆን በዱርም ይጠበቃል።

፭ኛ፤ የባለአገሩ ድርሻ

የዚህ ትምህርት ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አንበሳ ለጎብኚው የሚያስደስት ሥዕል ነው፤ ሌሊት ፍየሎቹ ለተበሉበት እረኛ ግን ጠላት ነው። ዝሆንም ቧንቧ ሰብሮ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ አፍርሶ ሲሄድ ጥፋቱን የሚጠግነው ጎብኚው አይደለም፤ መንደርተኛው ነው። ታዲያ ባለአገሩ ከአውሬው ጉዳቱን ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ስለ ምን ይጠብቀዋል?

በኩኔኔ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አደንና ድርቅ አራዊቱን ክፉኛ አሳንሰዋቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ጋርዝ ኦወን ስሚዝ የተባሉት የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር ተመካክረው የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው አራዊትን የሚጠብቁበትን ሥራ አስጀመሩ። እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ማርጋሬት ጃኮብሰን በ1993 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተቀብለዋል። ከነፃነትም በኋላ በ1996 የወጣው ሕግ፣ በጋራ መሬት ላይ የሚኖሩ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው በአራዊትና በቱሪዝም እንዲጠቀሙ መብት ሰጣቸው። የመጀመሪያዎቹ አራት ማኅበሮች በ1998 ተመዘገቡ፤ ዛሬ ቍጥራቸው ከ80 በላይ ሲሆን የያዙት መሬት ከአገሪቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

ከእነዚህ አንዱ የሆነው የቶራ ማኅበር ሰዎች ገና ሕጋዊ ምዝገባው ሳይፈጸም በ1996 ከአንድ የጉዞ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት ዳማራላንድ ካምፕ የተባለው ማደሪያ ከአልጋ ገቢው 10 በመቶ ለማኅበሩ እንዲከፍል፣ ሠራተኞችንም ከአካባቢው ቀጥሮ እንዲያሠለጥን ተስማማ። በዚህ ዐይነት እንግዳው በመጣ ቍጥር ለእረኛውም የሚደርሰው ነገር ተገኘ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ተረት እዚህ ላይ ፍቹ ተገልብጧል፤ ሰዎቹ ያበሩት አንበሳውን ለማሰር ሳይሆን ለማኖር ነውና።

፮ኛ፤ የንግዱ ድካም

ይሁንና ይህ ንግድ እንከን የለውም ማለት አይደለም። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ድንበሮች ሲዘጉ እንግዳ ጠፋ፤ ከቱሪዝም በሚገኝ ገቢ የጥበቃ ሠራተኞችን ደመወዝ የሚከፍሉ ማኅበሮችም ችግር ላይ ወደቁ። መንግሥትና ለጋሾች የእርዳታ ገንዘብ ባያሰባስቡ ኖሮ ብዙ ጠባቂዎች ሥራቸውን በለቀቁ ነበር። ድርቅም ቀደም ብሎ መንጋውን ጎድቶ ስለ ነበረ መከራው ተደራራቢ ሆነ። በአንድ ዕቃ ብቻ የሚነግድ ሰው ገበያው ሲዘጋ ምን እንደሚደርስበት ቡና ላኪዎች ሳይነገራቸው ያውቁታል። ስለዚህ በደጉ ዘመን ከትርፍ ላይ መጠባበቂያ ማኖር ለመንደር ማኅበርም ሆነ ለመርካቶ ሱቅ እኩል ያስፈልጋል።

፯ኛ፤ ለአገራችን ነጋዴ

ኢትዮጵያም የበረሃ ሀብት አላት። በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት የቀረው የአፍሪካ የዱር አህያ በአፋር ምድር ይገኛል፤ በሃላይደጌ ሜዳም ቀጭን መስመር ያለው የሜዳ አህያ ይኖራል። ይህ እንስሳ በፈረንጆች ዘንድ የግሬቪ የሜዳ አህያ የተባለው በ1882 ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ በስጦታ ስለተላከ ነው። በዚያ ዘመን አውሬው ወደ ባሕር ማዶ ተላከ፤ በዛሬው ንግድ ግን ባሕር ማዶ ያለው ሰው ወደ አውሬው ይመጣል። አንድ ጊዜ የተላከ እንስሳ አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል፤ በአገሩ የቆየው ግን በየዓመቱ ይታያል፣ በየዓመቱም ያስከፍላል።

ስለሆነም በዚህ ሥራ ለመሰማራት የሚያስብ ነጋዴ፣ እንዲሁም ለጉዞ ድርጅቶች ድንኳን፣ ጎማ፣ ምግብና ነዳጅ ለማቅረብ የሚያስብ ባለሱቅ፣ አራት ጥያቄዎችን አስቀድሞ ይመልስ። ጉዞው ስንት ሰው ሲሞላ ወጪውን ይሸፍናል? ቀብዱና የመመለሻው ደንብ በጽሑፍ ሰፍሯልን? መሪው ምድሩን በእግሩ ያውቀዋልን? በስተመጨረሻም፣ ከእያንዳንዱ እንግዳ ክፍያ ላይ ለባለአገሩ የሚደርሰው ስንት ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ሳይመልስ ሥራ የሚጀምር ነጋዴ ዛሬ ቢያተርፍም፣ ነገ የሚሸጠው አውሬ ያጣል።