ለድሃው ሰደቃ ብቻ ነው ወይስ ሽርክናም?

የጁምዓ ሶላት ተሰግዶ ሕዝበ ሙስሊሙ ከመስጂድ ሲወጣ በሩ ላይ ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚጠብቁ ችግረኞች መኖራቸውን የማያውቅ የከተማ ነዋሪ የለም። ሁላችንም በኪሳችን የተገኘውን እንሰጣለን፤ አላህ (ሱ.ወ.) ይቀበለን። ነገር ግን ልብ ብሎ ላየው ሰው በሚቀጥለው ጁምዓም እዚያው ቦታ የሚቀመጡት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ለአንዲት እናት አምስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስንሰጥ ከኖርን፣ አምስት ዓመት ሙሉ እዚያው አስቀምጠናታል ማለት አይደለምን?

አቡ ዳውድ ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ይዘው በዘገቡት ሐዲስ አንድ የአንሷር ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ይመጣል። ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለው ሲጠየቅ ከፊሉን የሚለብሱት፣ ከፊሉን የሚያነጥፉት አንድ ጨርቅና ውኃ የሚጠጡበት አንድ ዕቃ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ነቢዩ ሁለቱን ዕቃዎች አስመጥተው እዚያው በተሰበሰበው ሰው ፊት ለጨረታ አቀረቧቸው። አንዱ አንድ ድርሃም ሲል ሌላው በሁለት ድርሃም ገዛቸው። በአንዱ ድርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት፤ እጀታውንም በገዛ እጃቸው አበጁለት። እንጨት እየቆረጠ እንዲሸጥና እስከ 15 ቀን እንዳይመለስ ነገሩት። ሲመለስ 10 ድርሃም አግኝቶ፣ ከዚያም ልብስና ምግብ ገዝቶ ነበር።

ይህ ሐዲስ ለማኝን ለመገሠጽ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ትምህርቱ ግን ከለማኙ ይልቅ ለእኛ ለተቀመጥነው ይመስለኛል። በመጀመሪያ የተሟላው የቤተሰቡ ረሃብ ነው፤ የተራበ ሰው ነግዶ ሊያተርፍ አይችልምና። መሣሪያው የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ሥራው እንዴት እንደሄደ የሚታይበት ቀንም ተቆርጧል። ዕቃውንስ ሁለት ድርሃም ከፍሎ የገዛው ማን ነው? እዚያው የተቀመጠ አንድ ሙስሊም ነው።

ለመሆኑ ሸሪዓችን ለዚህ ያበጀው የንግድ መንገድ የትኛው ነው? አንዱና ዋናው ሙዷረባ ይባላል። ይኸውም አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ጉልበቱንና ሙያውን አምጥተው የሚሻረኩበት ውል ነው። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ለአንዲት እንጀራ ጋጋሪ 30,000 ብር መነሻ ቢሰጥና ትርፉን እሷ ከመቶ 60፣ እሱ 40 ሊወስዱ ቢስማሙ፣ በሦስት ወር 9,000 ብር ሲተርፍ እሷ 5,400፣ እሱ 3,600 ብር ያገኛሉ። ሥራው ቢከስር ግን፣ ያጠፋችው ወይም ቸል ያለችው ነገር ከሌለ፣ ገንዘቡ የሚጎድለው ከእሱ ነው፤ እሷ ደግሞ ድካሟን ታጣለች። "ብታተርፊም ብትከስሪም በየወሩ ይህን ያህል ብር ቁርጥ አድርገሽ ትሰጪኛለሽ" ካላት ግን ነገሩ ሙዷረባ መሆኑ ቀርቶ ሪባ ሆነ።

እዚህ ላይ ነጋዴዎቻችን የሚያነሱት ክርክር አለ፤ ከንቱ ክርክርም አይደለም። "ሂሳቧን በጭንቅላቷ ነው የምትይዘው፤ ትርፉን በምን አውቃለሁ?" ይላሉ። እንዲህ ላለው ሰው ሙራበሓ ይቀላል። የስፌት መኪናውን ራሱ ገዝቶ በእጁ ካደረገ በኋላ ዋጋውንና ትርፉን ገልጾ በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ይሸጥላታል። ብትዘገይ ጭማሪ አይጠይቃትም፤ የተቸገረን ባለዕዳ መታገሥ በሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ የታዘዘ ነውና።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የቀረ ምኞት አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. አሕመድ አን-ነጃር የተባሉ፣ ጀርመን አገር የተማሩ ግብፃዊ የኢኮኖሚ ምሁር በናይል ዴልታ ሚት ገምር በምትባል ከተማ የቁጠባ ባንክ ከፈቱ። አርአያ ያደረጉት የጀርመንን የቁጠባ ባንኮች ነበር፤ ወለዱን ግን አወጡት። ሦስት ዓይነት ሂሳብ ነበር፦ የቁጠባ፣ በትርፍና ኪሳራ የመጋራት የኢንቨስትመንት፣ እንዲሁም የዘካና የማኅበራዊ አገልግሎት። የቁጠባ ደንበኛ ለሥራ ያለ ወለድ መበደር ይችል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 17,500 ያህል የነበሩት አስቀማጮች በ1967 ከ250,000 በላይ ሆኑ፤ ቅርንጫፎቹም ዘጠኝ ደረሱ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የባንክ ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ነበሩ። የሚገርመው በዘመኑ ፖለቲካ ምክንያት ባንኩ እስላማዊ መሆኑን በይፋ ሳይናገር መሥራቱ ነው። በዚያው ፖለቲካ ምክንያት ሥራው ወደ መንግሥት ባንኮች ተዛውሮ ተቋረጠ።

በፓኪስታን ደግሞ ዶክተር አምጃድ ሳቂብ በ2001 እ.ኤ.አ. በላሆር የመሠረቱት አኹወት የተባለ ድርጅት ለአንዲት ሴት በተሰጠ 10,000 ሩፒ ቀርደል ሐሰን ጀመረ። ስሙ ወንድማማችነት ማለት ነው። ብድሩ የሚታደለው በመስጂድ ነው፤ ክርስቲያኖችም ስለሚበደሩ በቤተ ክርስቲያንም ይታደላል። ከብድሩ ከመቶ 99 በላይ እንደሚመለስ ድርጅቱ ይገልጻል። የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ ድሃ ብድር መላሽ መሆኑን ለዓለም ማሳየቱ ባይካድም፣ በወለድ የሚሠራ ስለሆነ ለእኛ ትምህርት እንጂ መፍትሔ አይሆንም።

በአገራችን ብሔራዊ ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመመሪያ ፈቀደ፤ በ2021 ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ሥራ ጀመሩ። ትልቅ እመርታ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁንና ባንክ መያዣ ይጠይቃል። የጉልት ቸርቻሪዋ ቤትም መኪናም የላትም። ወለዱን ፈርታ ከአነስተኛ ብድር ተቋም የቀረችው እህታችን፣ ወለድ የሌለበትም ቦታ ስትሄድ መያዣ ካጣች፣ በዲኗ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተጎዳች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አራጣ አበዳሪ ዘንድ ብትሄድ ተጠያቂዋ እሷ ብቻ ናትን?

ዘካችንም ቢሆን ለቀለብ ብቻ የታዘዘ አይደለም። ታላቁ የሻፊዒ መዝሀብ ዓሊም ኢማም አን-ነወዊ "አል-መጅሙዕ" በተባለው ኪታባቸው፣ ሙያ ያለው ችግረኛ የሙያውን መሣሪያ ወይም የንግዱን መነሻ ከዘካ እንዲሰጠው ያስተምራሉ። መጠኑም እንደ ሥራው ይለያያል። ለአትክልት ሻጩ 5 ወይም 10 ድርሃም፣ ለዕንቁ ነጋዴው ደግሞ ከዚያ ባነሰ የማይበቃው ከሆነ እስከ 10,000 ድርሃም በምሳሌነት ጠቅሰዋል። ይህም ብድር ሳይሆን መብቱ ነው። ያየኋቸው የዘካ መዝገቦች የስም፣ የቀበሌና የልጆች ቁጥር ዓምድ አላቸው፤ "ሙያሽ ምንድን ነው?" የሚል ዓምድ ግን እስካሁን አላየሁባቸውም።