«ጠፋ» ከማለታችን በፊት

ስለ ኤምፒ ስሪ ማጫወቻ ብልሽት ልጽፍ ነው ስል የክፍል ጓደኞቼ «ስልክ እያለ?» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ገበያ ላይ የዋለውን አይፖድን እንኳ አምራቹ አፕል በ2022 ማምረት ማቆሙን አስታውቋል። እኔ ግን ከወንድሜ የወረስኳትን ትንሽ ማጫወቻ አልጣልኳትም። ዘፈን ከማሰማት አልፋ ድምፅ ትቀዳለች፤ ቃለ መጠይቅ መሀል ደግሞ እንደ ስልክ አትጮህም። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ብቻ ታስቸግራለች። አልበራ ስትል መጀመሪያ የማየው ጎኗ ላይ ያለውን መቆለፊያ ነው። ኪስ ውስጥ ሳናውቀው ይገፋና መሣሪያው የሞተ ይመስላል። እሱ ደህና ከሆነ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ግማሽ ሰዓት ያህል መተው ነው፤ ለወራት ተቀምጦ ባትሪው ሙልጭ ብሎ ያለቀ ማጫወቻ እንደተሰካ ወዲያው ምልክት ላያሳይ ይችላል። በርቶ ድርቅ ካለ ደግሞ ማብሪያውን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፣ ሪሴት የሚል ቀዳዳ ካለው በቀጭን ሽቦ ጫፍ ቀስ አድርጎ መንካት ይበቃል። ይህ መሣሪያውን እንደገና ማስነሳት ብቻ ስለሆነ የተቀዳውን አያጠፋም። ጀርባው ካበጠ ግን ባትሪው ተበላሽቷልና ቻርጅ እንዳታደርጉት፣ እንዳትወጉትም።

ድምፅ በአንድ ጆሮ ብቻ ሲመጣ ብዙዎቻችን ሮጠን አዲስ ኢርፎን እንገዛለን። መጀመሪያ የጓደኛን ተውሶ መሞከር ነዋ! በእሱም ያው ከሆነ መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያውን አጥፍቶ በስቴኪኒ ማውጣት ነው። ቻርጅ እያደረገ ኮምፒዩተሩ አላየውም ካለ ደግሞ ኬብሉን ጠርጥሩ። በተለመደው የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ ለኤሌክትሪክ ሁለት፣ ለዳታ ሁለት ሽቦዎች አሉ። አንዳንድ ርካሽ ኬብሎች የዳታዎቹ የሏቸውም። ይህን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማጫወቻዋን ስረግም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አምና ለፊቸር የቤት ሥራ ሽሮ ሜዳ ሄጄ አንድ ሸማኔ አዛውንት አነጋገርኩ። 40 ደቂቃ ቀዳሁ። እያወሩ ይሠሩ ስለነበር የመወርወሪያው ድምፅ ከቃላቸው ጋር አብሮ ይሰማል። በማግስቱ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ላይ ሰክቼ ስከፍት ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ልቤ ቀጥ አለ። አጠገቤ የነበረ ልጅ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርጋት» አለኝ። አደረግኳት። ይባስ ብዬ ትሠራ እንደሆነ ለማየት ዘፈኖች ጫንኩባት።

በኋላ ነው የገባኝ። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፋይሉን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በቦታው የራሱን ሾርትከት ያስቀምጣል። ምልክቱም ነበረ። ፋይሉ ባይታይም የተያዘው ቦታ አልቀነሰም ነበር። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ ስሪ በደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ይወስዳል፤ የሸማኔው 40 ሜጋባይት ገደማ እዚያው ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ሾርትከቱን ክሊክ ማድረግ ቫይረሱን ማስነሳት ስለሆነ እሱን ሳልነካ፣ ጥሩ አንቲቫይረስ ባለው ሌላ ኮምፒዩተር ላይ የዊንዶውስን የፎልደር ማስተካከያ ከፍቼ የተደበቁትንም ሆነ የሲስተም ፋይሎችን እንዲያሳይ ማዘዝና ድምፁን መገልበጥ ነበረብኝ። ፎርማት ከዚያ በኋላ ይደርስ ነበር።

ፎርማት ካደረግኩ በኋላም ተስፋ ነበረኝ። ፈጣን የሚባለው ፎርማት የመጽሐፍን ማውጫ እንደ መቅደድ ነው፤ ገጾቹ አሉ። አዲስ ነገር ሲጻፍባቸው ግን ያልቅላቸዋል። ዘፈኖቼ ያደረጉት ይህንኑ ነው። አንድ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ጓደኛዬ ፋይል በሚመልስ ሶፍትዌር ሞክሮ 11 ደቂቃ ብቻ አገኘልኝ።

ወደ ሽሮ ሜዳ ተመለስኩ። «አባባ፣ ያ ሁሉ ወሬ ጠፋብኝ» ስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ያን ቀን ነግሬህ የለ እንዴ!» አሉኝ፤ ቢሆንም ሥራቸውን ትተው እንደገና አጫወቱኝ። ስለ አባታቸው ያወሩትን ግን ዳግመኛ አላነሱትም። እኔም ለመጠየቅ አፈርኩ።

አሁን ቃለ መጠይቅ እንዳለቀ ከመነሳቴ በፊት ማቆሚያውን እጫንና የመጨረሻውን አንድ ደቂቃ እዚያው እሰማለሁ። ማታውኑ ሁለት ቦታ እገለብጣለሁ። እየቀዳች ባትሪዋ ካለቀ ፋይሉ በደንብ ሳይዘጋ ይቀርና ርዝመቱ 0 ደቂቃ ነው ሊላችሁ ይችላል። ያኔም ቢሆን ምንም ሳትጭኑባት፣ ፎርማትም ሳታደርጉ፣ ፋይል መመለስ ለሚችል ሰው እንዳለች ስጡት።