አዲስ የሥራ ባልደረባችሁን ምን ብላችሁ ነው የምትጠይቁት?

ርዕሱን አይታችሁ «ይሄ ደግሞ ከጤና ጋር ምን ያገናኘዋል?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፣ የምጀምረው ከጨጓራ ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ተመላላሽ ክፍል መጥቶ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ጨጓራዬ ነው ዶክተር» አለኝ። (ማንነቱ እንዳይለይ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ፣ እሱም እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።) ከወር በላይ ደረቱ ሥር ያቃጥለዋል፣ ሆዱን ይነፋዋል፣ ሌሊት ቃሩ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰዋል። ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል እየገዛ ሲውጥ ነው የከረመው። መድኃኒቱን ለሁለት ሳምንት አስቁሜ ኤች ፓይሎሪ አስመረመርኩት፣ ነጌቲቭ ነው። (በነገራችን ላይ ኦሜፕራዞል እየወሰዳችሁ ይሄን ምርመራ ብታሠሩ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ እንዳትመረመሩ።) ክብደቱ አልቀነሰም፣ ደም አላስመለሰውም፣ ሰገራው አልጠቆረም፣ ምግብ ሲውጥ አይተናነቀውም። ከነዚህ አንዱ ቢኖር ወሬያችን ሌላ ይሆን ነበር።

ከዛ እንዲሁ እንደ ቀልድ «ለመሆኑ ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበላው?» አልኩት።

ዝም አለ። መጀመሪያ ያልገባው መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነገሩን አወጣው። አዲስ ሥራ ከገባ ሁለት ወሩ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል ባልደረቦቹ እየተጠራሩ ይወጣሉ። እሱን «ና» ያለው የለም፣ እሱም እንዴት ብሎ እንደሚቀላቀል አላወቀም። ስለዚህ ሥራ የበዛበት መስሎ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። በባዶ ሆዱ ሦስት አራት ስኒ ቡና ይጠጣል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ የቀኑን ሁሉ አንዴ ይበላና ወዲያው ይተኛል። ቃር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከዚህ በኋላ ኢንዶስኮፒ አያስፈልግም!

አዲስ ቦታ መግባት ሰውነታችን እንደ ቀላል ነገር የሚያየው አይደለም። ማንን ማመን እንዳለብን ባላወቅንበት ቦታ ስንውል አንጎላችን ዘብ ላይ እንዳለ ወታደር ይሆናል፦ አድሬናሊን እና ኮርቲሶል ይጨምራል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የሆድ እንቅስቃሴ ይዛባል፣ እንቅልፍ ይሳሳል። ለጥቂት ቀን ከሆነ ችግር የለውም። ለወራት ሲዘልቅ ነው «ጨጓራዬ»፣ «ራስ ምታቴ»፣ «ልቤ ትመታለች» እያልን ከክሊኒክ ክሊኒክ የምንዞረው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም።

ተመርቄ ሁለተኛ ሥራዬ የሆነ ሆስፒታል ስገባ ማንንም አላውቅም ነበር። በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ። «ደህና አደራችሁ» ብዬ እገባለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ እወጣለሁ። ሥርዓት ያለኝ ይመስለኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት የሕፃናት ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ለአንድ ሕፃን ጄንታማይሲን አዘዝኩ። የሕፃናት መድኃኒት የሚሰላው በክብደት ነው። ልጁ 12 ኪሎ ነበር፣ እኔ በድካም 21 ብዬ አሰላሁት። ያ ማለት ወደ እጥፍ የተጠጋ መጠን ነው፣ ይሄ መድኃኒት ሲበዛ ደግሞ ኩላሊትን እና ጆሮን ይጎዳል።

በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ ነርስ ተረኛ ነበሩ። መርፌውን ይዘው በሬ ድረስ መጡ፣ አዩኝ፣ ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው እንደገና መጡ። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ክብደቱን አንዴ ይዩልኝ እስቲ» አሉኝ። አየሁት። እጄ ቀዘቀዘ።

ልጁ ምንም አልሆነም፣ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ታረመ። ጠዋት ላይ ግን «ሲስተር፣ መጀመሪያ መጥተው ለምን ተመለሱ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሳቸውን እስከዛሬ አልረሳውም፦ «ከሰላምታ ሌላ አንድ ቃል አውርተውን አያውቁም። ኩሩ መስለውኝ፣ ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ።»

እኔ ያፈርኩ፣ እሳቸው የፈሩ። መሀል ላይ 12 ኪሎ የሆነ ልጅ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ለቀዶ ጥገና ክፍሎች 19 ነጥብ ያለው የደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር አውጥቶ ነበር። ከነዚህ አንዱ ምን ይላል መሰላችሁ? ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስሙን እና የሥራ ድርሻውን ይናገር ይላል። በ8 ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ተሞክሮ (አንዷ ታንዛኒያ ውስጥ ያለችው ኢፋካራ ናት) ውጤቱ በ2009 ሲታተም ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሞቱ ሕሙማን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርደው ተገኙ። ይሄ ሁሉ በስም መተዋወቅ የመጣ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሌሎች 18 ነጥቦች አሉ። ግን ስሙን አንዴ የተናገረ ሰው ቀጥሎ «ቆይ፣ ይሄ ነገር ልክ ነው?» ለማለት ይቀለዋል። በኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ከዛ ሌሊት በኋላ ከግቢው በር ላይ ካለችው ቡና ሻጭ ጋ ከነርሶቹ ጋር መቀመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀን ምን እንደምል ጨንቆኝ «ሲስተር፣ የቤት ስምዎ ማነው?» አልኳቸው። ሳቁ። «ሚጢጢ» አሉኝ። ዎርዱ በሙሉ የሚፈራቸው ሴትዮ! «ያንቺስ?» አሉኝ መልሰው። «ኩኩሻ» አልኩ። (አዎ፣ አሁን እናንተም አወቃችሁ።) ልብ በሉ፣ «አንቺ» ያሉኝ የዛን ቀን ነው። ከዛ በኋላ መድኃኒት ካዘዝኩ በኋላ «ኩኩሻ፣ ነይ እስቲ ይቺን እያት» ሲሉኝ እየሮጥኩ ነው የምሄደው።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እኛ አገር ሰው ከሰው ለመግባባት ጥያቄ አጥሮን አያውቅም። ችግራችን ቀላል የሚመስሉን ጥያቄዎች ቀላል አለመሆናቸው ነው። «አግብተሻል?» «ልጅ ስንት አለሽ?» «ምነው ታዲያ ቆየሽ?» «ኧረ ከሳህ፣ ምን ሆነህ ነው?» እነዚህን የምንጠይቀው በክፋት አይደለም፣ እንደውም በፍቅር ነው። እኔ ግን መልሱን የምሰማው በር ከተዘጋ በኋላ ነው።

አንዲት ታካሚዬ ሁለተኛ ፅንሷ ከወረደ በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራ ሥራ ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን የቡና ሰዓት ላይ የተጠየቀችው የልጅ ብዛት ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ ቡና ሲፈላ ሽንት ቤት ገብታ ትቀመጣለች። ከታወቁ እርግዝናዎች ውስጥ ከ10 እስከ 20 በመቶው በውርጃ ያበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ከ6 አዋቂዎች አንዱ በሕይወቱ የሆነ ጊዜ ላይ መካንነት ያጋጥመዋል። ስለዚህ አሥራ ምናምን ሰው ባለበት ቢሮ ይሄን ጥያቄ ስትወረውሩ የሆነ ሰው ቁስል ላይ ማረፉ አይቀርም። «ከሳህ» የተባለውም የቲቢ ወይም የስኳር መድኃኒት ጀምሮ፣ ለማንም ሳይናገር የመጣ ሊሆን ይችላል።

«አገርህ የት ነው?» የሚለውም ድሮ የወሬ መጀመሪያ ነበር። አሁን ግን ብዙ ሰው መልሱን ከመስጠቱ በፊት «ለምን ጠየቀኝ?» ብሎ ያስባል። የጠየቃችሁት በየዋህነት ቢሆንም ትከሻው ከፍ ሲል ታያላችሁ። የአያት ስም እየጠየቁ ማሰላሰልም ያው ነው። «ሰፈርህ የት ነው፣ ታክሲ ይገኛል?» በሉት፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ማማረር ሁላችንንም አንድ ያደርገናል።

እንግዲህ ቀላል ጥያቄ የምለው ሰውዬው ምንም ሳይደብቅ በትንሹ መልሶ ማለፍ የሚችለውን ነው። ከፈለገ በአንድ ቃል፣ ከፈለገ በታሪክ። «ታክሲ ላይ ጋቢና ነው ወይስ መስኮት ዳር?» «ልጅ ሆነሽ ምን እሆናለሁ ትዪ ነበር?» «የመጀመሪያ ደሞዝህን ምን ገዛህበት?» ይቺ የመጨረሻዋ የኔ ምርጥ ናት። ላብራቶሪያችን ያለ አንድ ልጅ ለእናቱ ጋቢ እንደገዛ፣ ታክሲ ውስጥ ረስቶት እንደወረደ ነገረን፣ እስካሁን ጋቢ በታየ ቁጥር እንስቃለን። «ከዶሮ ወጥ የትኛው ብልት ያንተ ነው?» የሚለውም ጥሩ ነው፣ ግን የጾም ሰሞን ከሆነ የምግብ ጥያቄ ሳታስቡት ወደ ሃይማኖት ጥያቄ ሊዞር ይችላል። ሰዓቱን እዩ።

ከጥያቄው ይበልጥ ወሳኙ ቀጥሎ ያለው ነው። በሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2017 የታተመ ጥናት ብዙ ጥያቄ የሚጠይቁ ሰዎች፣ በተለይ የተመለሰላቸውን ይዘው ቀጣይ ጥያቄ የሚጠይቁ፣ በሌላው ዘንድ ይበልጥ እንደሚወደዱ አሳይቷል። «ጋቢ» ሲላችሁ «እሺ» ብላችሁ ወደ ሌላ ጥያቄ ከዘለላችሁ ፎርም እያስሞላችሁ ነው የሚመስለው። (እኛ ሐኪሞች በዚህ በሽታ የተጠቃን ነን።) የራሳችሁንም ንገሩ። ጠይቆ የራሱን የማይናገር ሰው መርማሪ ነው የሚመስለው። መልሱ ካጠረ ወይም ሰውዬው ስልኩን ካየ ደግሞ ተዉት፣ ነገም ቀን ነው።

ለእንደኔ ዓይነት ዝምተኞች አንድ የምሥራች አለኝ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት እንዳሳየው ከማናውቀው ሰው ጋር አውርተን ስንለያይ ያ ሰው ምን ያህል እንደወደደን ዝቅ አድርገን ነው የምንገምተው። ማታ ተኝታችሁ «ምን ዓይነት የማይረባ ነገር ነው ያወራሁት» የምትሉት ነገር በአብዛኛው እናንተ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው። እሱም ስለራሱ እንደዛው እያሰበ ነው።

ሁሉም ነገር ግን ዓይን አፋርነት አይደለም። ከሰው ጋር መብላት ወይም ስብሰባ ላይ መናገር ሲታሰብ ብቻ የሚያልባችሁ፣ የሚያንቀጠቅጣችሁ፣ በዚህ ምክንያት ለወራት ሥራ የምትቀሩ ወይም ዕድገት የምትተዉ ከሆነ ይሄ የሚታከም የጭንቀት ሕመም ሊሆን ይችላል። ለሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ደስታ ከጠፋ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ መኖር ካስጠላ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂዱ። ራስን ስለ ማጥፋት ማሰብ ካለ ሁለት ሳምንትም አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናግራችሁ ከሱ ጋር ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። «የጨዋታ ጥያቄ ጠይቅ» ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ምሳውን በሰዓቱ እንዲበላ፣ ቡናውን እንዲቀንስ፣ እራት በልቶ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይቆይ እንዳይተኛ ነገርኩት። ከዛ በማዘዣ ወረቀቱ ጀርባ አንዲት ጥያቄ ጻፍኩለት፦ «እዚህ አካባቢ ጥሩ ሽሮ የት አለ?» አዲስ ሰው ብቻ ሊጠይቃት የምትችል ጥያቄ ናት። ለመመለስ ደግሞ ማንም አያፍርም።

ከወር በኋላ ለቀጠሮ መጣ። ቃሩ በጣም ቀንሷል። ቡናው ይሁን፣ የምሳው ሰዓት ይሁን፣ ሰዎቹ ይሁኑ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። ጥያቄዋን የጠየቃቸው ሁለት ባልደረቦቹ ግን በሽሮው ጉዳይ ተከራክረው አልተስማሙም፣ ስለዚህ ሁለቱም ቤት ወስደው አስቀምሰውታል። «የቱ በለጠ ታዲያ?» ስለው «ኧረ ዶክተር፣ ይሄንማ ከተናገርኩ ከአንዱ ጋር መጣላቴ ነው» አለኝ።

እናንተ መስሪያ ቤት አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምንድነው? የቤት ስማችሁንም ጻፉልኝ፣ እኔ የኔን ነግሬያችኋለሁ።