የብረት ጎተራ ወለልና ክዳን አቆራረጥ
ለክብ ቅርጽ ተስማሚ መሣሪያ ስለ መምረጥ

የብረት ጎተራ ዋናው ጥቅሙ አየር የማያስገባ መሆኑ ነው። በሚገባ ሲከደን ከእህሉ ጋር የገባው ነቀዝ በውስጡ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርስና ይሞታል። የወለሉ ወይም የክዳኑ ዙሪያ ተቦጫጭቆ ከተቆረጠ ግን እጥፋቱ አይገጥምም፤ በስታኞ ቢደፈንም ውሎ አድሮ ይከፈታል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ማኅበሩ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ሊያማክረው ይገባል።

ብዙ ማኅበራት አስቀድመው የሚፈልጉት ግራይንደር ነው። ግራይንደር ቀጥታ መስመር ለመቁረጥ ጥሩ መሣሪያ ቢሆንም ለክብ አይመከርም። የመቁረጫው ዲስክ ደረቅ ስለሆነ አይታጠፍም፤ መስመሩን ተከትሎ ለማዞር ሲሞከር በጎኑ ይጫንና ይሰበራል። ስብርባሪው በከፍተኛ ፍጥነት ተወርውሮ ዓይን ያጠፋል። በተጨማሪም ሙቀቱ በላሜራው ላይ ያለውን ዚንክ ያቃጥለዋል። ጠርዙ ቶሎ ይዝጋል፤ ጢሱን የሳበ ሠራተኛም ማታውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል።

ለጎተራ የሚውለው ላሜራ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ 0.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለዚህ የሚስማማው የእጅ ቆርቆሮ መቀስ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት ቀበሌም ያገለግላል። መቀሱ ወደ ግራ የሚዞር፣ ወደ ቀኝ የሚዞርና ቀጥታ የሚቆርጥ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በአብዛኛው የግራው እጀታ ቀይ፣ የቀኙ አረንጓዴ፣ የቀጥታው ቢጫ ነው። ማኅበሩ ቢያንስ ቀዩንና አረንጓዴውን ቢገዛ ይበቃዋል።

ክቡን ለማስመር ገመድ ስለሚለጠጥ አይታመንም፤ በሁለት ጫፉ ምስማር የተመታበት ጠባብ ጣውላ ይሻላል። ለእጥፋት የሚቀረው ትርፍ አብሮ ይሰመራል። የወለሉን መሐል ግን መብሳት አይገባም፤ ቀዳዳው አየር ያስገባልና ምስማሩ በቀላሉ ነጥብ ብቻ እንዲተው ይደረግ። ከዚያ ከመስመሩ ውጭ 2 ሴንቲሜትር ያህል ትርፍ ትቶ በግርድፉ ከቆረጡ በኋላ በመስመሩ ላይ ይመለሷል። ጠባቡ ትርፍ በቀላሉ ስለሚጠቀለል መቀሱን አያግደውም። የመቀሱን ምላጭ እስከ ጫፉ መዝጋት በየምቱ ጥርስ ያወጣል፤ ጀማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የእህል ማውጫውን ቀዳዳ ለመቁረጥ ከሚጣለው ክፍል ላይ በትራፓኖ በስቶ እየተጠማዘዙ ወደ መስመሩ መውጣት ነው።

ውፍረቱ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ ብረት፣ ለምሳሌ ለበቆሎ መፈልፈያ የጎን ክዳን፣ መቀስ አይሆንም። የቧንቧ ማስረዘሚያ በእጀታው ሰክቶ መጫን መቀሱን ያበላሻል እንጂ ብረቱን አይቆርጥም። ቀዳዳዎችን በመስመሩ ዳር አቀራርቦ በትራፓኖ መብሳት፣ መካከላቸውን በመሮ መበጠስ፣ ከዚያም በሞረድ ማስተካከል አድካሚ ቢሆንም አስተማማኝ ነው። የጋዝ መቁረጫ ያለው ማኅበር ለተራ ብረት ሊጠቀምበት ይችላል። ከመኪና ባሌስትራ የተገኘ ብረት ግን በጋዝ ሲቆረጥ ጠርዙ ስለሚጠነክር ሞረድ አይነካውም፤ ሊሰነጠቅም ይችላል።

የተገጠመው ጎተራ በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ በሆዱ በርቶ ይፈተሽ። ብርሃን የታየበት ስፌት በእርሳስ ምልክት ተደርጎበት እንደገና በስታኞ ይደፈናል።