የኋላ ዲፈረንሻል፦ ማስበየድ ወይስ መቆለፊያ ማስገጠም?

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ለጭነት መኪና ባለቤቶችና ለትራክተር ተጠቃሚ አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የሥልጠናው ዓላማ

ሠልጣኞች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ፦
1. ዲፈረንሻል ለምን እንደተሠራና በጭቃ ላይ ለምን እንደሚያስቸግር ያስረዳሉ፤
2. በብየዳና በመቆለፊያ መካከል ያለውን ልዩነት ይለያሉ፤
3. የመኪናቸውንና የትራክተራቸውን መቆለፊያ በአግባቡ ይጠቀማሉ፤
4. ያገለገለ መኪና ሲገዙ ዲፈረንሻሉ የተበየደ መሆን አለመሆኑን ይፈትሻሉ።

መግቢያ

ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ድብ ባሕር የሚሄድ የጭነት መኪና ሁለት ዓይነት መንገድ ይገጥመዋል። አንዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየቆረጠ ያወጣው፣ እየተጠማዘዘ የሚወርደው ዋናው መንገድ ነው። ሌላው ከዋናው መንገድ ወደ ጎጥ የሚገባው የአፈር መንገድ ነው፤ ዝናብ ሲጀምር ይላቁጣል። ማዳበሪያና ዘር የሚፈለገው ደግሞ በዚሁ ሰሞን ነው። መኪናው ጭቃ ውስጥ አንድ ጎማው እየሾረ ሲቆም ብዙ ጊዜ የሚሰማ ምክር አለ፦ «ዲፈረንሻሉን አስበይደው፤ ከዚያ ወዲያ አይዝህም።»

ምክሩ ግማሹ እውነት ነው። የተበየደ ዲፈረንሻል ከጭቃ ያወጣል። ነገር ግን ያው መኪና በማግስቱ ጭነትና ሰው ይዞ ሊማሊሞን መውረድ አለበት። ጉዳቱ የሚታየው እዚያ ነው።

1. ዲፈረንሻል ምን ይሠራል?

ጥማድ በሬ ማሳው ጫፍ ደርሶ ሲዞር አስቡ። በውጭ በኩል ያለው በሬ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ በውስጥ በኩል ያለው ባለበት ያህል ይዞራል። የመኪና ጎማም እንዲሁ ነው። ዲፈረንሻል የውጩ ጎማ ፈጥኖ፣ የውስጡ ጎማ ዘግይቶ እንዲዞር የሚፈቅድ የጥርሶች ስብስብ ነው።

በቁጥር እንየው። በግራና በቀኝ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ሜትር ነው እንበል። መኪናው ወደመጣበት አቅጣጫ በሚመልስ አንድ ሙሉ ጥምዝ ላይ ሲዞር የውጩ ጎማ ከውስጡ 5 ሜትር ያህል የበለጠ ይጓዛል (1.6 × 3.14)። የጎማው ዙሪያ 2.5 ሜትር ከሆነ፣ የውጩ ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር ይበልጣል ማለት ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ጥምዞች ካሉ ልዩነቱ 50 ሜትር ይደርሳል።

ችግሩስ? ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ጉልበት ያካፍላል። ቀንበር በምራን መሐሉ ላይ እንደታሰረ ሁሉ፣ አንዱ በሬ መጎተቱን ሲተው ቀንበሩ ይዞራል እንጂ የሌላው ጉልበት ብቻውን ማረሻውን አይስብም። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሆኖ መሬት መቆንጠጥ ሲያቅተው፣ ደረቅ መሬት ላይ ያለው ጎማም የሚያገኘው ያንኑ ትንሽ ጉልበት ነው። ስለዚህ አንዱ ይሾራል፤ ሌላው ይቆማል።

2. ሲበየድ ምን ይሆናል?

መበየድ ማለት ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ጥርሶች እርስ በርስ አጣብቆ ሁለቱን ጎማዎች ለዘለቄታው እንደ አንድ ዘንግ ማድረግ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ለውድድር ወይም ከመንገድ ውጭ ለመንዳት ብቻ በተለዩ መኪኖች ላይ ይህን የሚያደርጉ አሉ። ጭነት ይዞ በጠንካራ መንገድ በሚሄድ መኪና ላይ ግን የሚከተሉት ይመጣሉ።

ሀ. ጎማ ያልቃል። ከላይ ያሰላነው የ5 ሜትር ልዩነት የትም አይሄድም። ዲፈረንሻሉ ካልፈቀደ ጎማዎቹ በየጥምዙ መሬቱን እየፋቁ ይከፍሉታል።

ለ. መሪ አልታዘዝ ይላል። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች መኪናውን ቀጥ አድርገው ይገፉታል። ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር መኪናው ወደ ጥምዙ ውጪ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ወደ ገደሉ በኩል ይሄዳል። እርጥብ አስፋልት ወይም ልቅ ጠጠር ላይ ደግሞ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አብረው ሊያዳልጣቸውና የመኪናው ጭራ ወደ ጎን ሊወጣ ይችላል።

ሐ. የጎማ ዘንግ ይሰበራል። ጎማው መንሸራተት በማይችልበት ደረቅ መንገድ ላይ ጭነቱ ሲከብድ፣ ልዩነቱን የሚሸከመው ዘንጉ ነው። እየተጠመዘዘ ይደክማል። በአንዳንድ ፒክአፖች ላይ ጎማውን የሚይዘው ራሱ ዘንጉ ስለሆነ፣ ዘንጉ ሲሰበር ጎማው ሊወጣ ይችላል።

መ. ብየዳው ራሱ ይሰነጠቃል። የዲፈረንሻል ጥርስ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው። በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ተሰባሪ ይሆናል። የተላቀቀ ቁራጭ በኮሮናና በፒኞን መካከል ከገባ መኪናው እየሄደ የኋላ ጎማዎቹ ሊቆለፉ ይችላሉ።

ሠ. መመለሻ የለውም። የተበየደውን ለመተው ያለው መንገድ ሙሉ ክፍሉን መቀየር ነው።

3. መቆለፊያ

መቆለፊያም ሁለቱን ጎማዎች ያስራል። ልዩነቱ የሚታሰርበትንና የሚፈታበትን ጊዜ መምረጥ መቻሉ ነው። ሦስት ዓይነት አሉ።

• ሾፌሩ የሚያዝዘው፦ በአየር፣ በኤሌክትሪክ ወይም በገመድ ይሠራል። ሲያስፈልግ ይቆለፋል፤ ሲፈታ መኪናው እንደ ወትሮው ይሆናል። ለእንደ ሊማሊሞ ዓይነቱ መንገድ ተመራጩ ይህ ነው።
• ራሱ የሚቆልፍ፦ ጥምዝ ላይ የውጩን ጎማ ለቅቆ መልሶ ይይዛል። ሲለቅና ሲይዝ ይንኳኳል፤ ሾፌሩ ሊለምደው ይገባል።
• ከፊል የሚይዝ፦ በውስጡ እንደ ፍሪሲዮን ያሉ ሸክላዎች አሉት። ጥቂት ይረዳል፤ አንዱ ጎማ አየር ላይ ከቀረ ግን አቅሙ ውስን ነው። የራሱ ዘይት ይፈልጋል።

ከመግዛት በፊት መኪናው ቀድሞውኑ እንዳለው ይታይ። ብዙ ሲኖትራኮች ከፋብሪካ መቆለፊያ ይዘው ይመጣሉ፤ በአንዳንድ ላንድ ክሩዘሮች ላይም አለ። ቁልፉ ዳሽቦርድ ላይ እያለ የማይጠቀሙበት ሾፌሮች አሉ። ለአይሱዙና ለመሰል መኪኖች ለሞዴሉ የተሠራ መቆለፊያ መገኘቱን፣ የዘንጉ ጥርስ ቁጥር መግጠሙን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። ሲገጠምም የኮሮናና የፒኞን ክፍተት በመለኪያ መስተካከል አለበት፤ በግምት ከተገጠመ ይጮሃል፣ ጥርስ ይበላል።

የአጠቃቀም ደንብ፦
1. ጭቃው ውስጥ ከመግባት በፊት ቆመው ቆልፉ። ጎማ እየሾረ አትቆልፉ፤ ጥርስ ይሰብራል።
2. በዝግታ፣ በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ ንዱ።
3. ጠንካራ መሬት እንደወጣችሁ ፍቱ። መብራቱ መጥፋቱን ሳታዩ ወደ ጥምዝ አትግቡ።
4. ቁልቁለት ላይ ተቆልፎ አይወረድም።

4. ትራክተር ያላችሁ

ትራክተር ላይ መቆለፊያው በአብዛኛው በእግር የሚረገጥ ፔዳል ነው። አንድ ጎማ ሲሾር ፍሪሲዮን ረግጣችሁ፣ ጎማው ሲቆም ፔዳሉን ርገጡ፤ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ማሳው ጫፍ ላይ ከመዞራችሁ በፊት ልቀቁት። እግር ሲነሳ ካልተፈታ ፍሪሲዮን ርገጡ ወይም ፍሬኑን ቀስ አድርጋችሁ ንኩ።

5. ከሁለቱም በፊት

ሁለቱም ጎማዎች ሙልጭ ያለ ጭቃ ላይ ከሆኑ ብየዳም መቆለፊያም አያወጣም። ስለዚህ አስቀድማችሁ፦ ያለቀ ጎማ ቀይሩ፤ የጎማ ሰንሰለት ያዙ፤ አካፋ፣ ጣውላና ድንጋይ መኪናው ላይ ይኑር፤ ጭነቱን ሁለት ቦታ ከፍላችሁ አሻግሩ። መኪና ሁልጊዜ የሚይዘው በታወቁ ጥቂት ቦታዎች ነው። እነዚያን ቦታዎች በጋ ላይ በድንጋይ ሞልቶ የውሃ መውረጃ ማውጣት ለማኅበሩ መኪና ብቻ ሳይሆን ለቀበሌው ሁሉ ይጠቅማል።

6. ያገለገለ መኪና ሲገዛ

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። የፊት ጎማዎችን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ደግፉ፤ በእጅ ፍሬን ብቻ አትተማመኑ። ሞተሩን አጥፉ፣ ማርሽ ላይ ተዉት፣ መቆለፊያ ካለው ፍቱት። ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንስታችሁ በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፉ፤ የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን የሚይዝ ከሆነ ልቀቁት። አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩ። ሌላው በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ ዲፈረንሻሉ ክፍት ነው። አልዞርም ካለ ተበይዶ ወይም ራሱ የሚይዝ መቆለፊያ ተገጥሞለት ሊሆን ስለሚችል ክዳኑ ተከፍቶ በመካኒክ ይታይ።

ማሳሰቢያ፦ በተበየደ ወይም በተቆለፈ መኪና አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንስቶ ሞተር አስነስቶ ማርሽ ማስገባት ክልክል ነው። መሬት ላይ ያለው ጎማ መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይጥለዋል።

ማጠቃለያ

ጭቃ በዓመት ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ጥምዙ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ለጥቂት ሳምንታት ተብሎ የታሰረ ዲፈረንሻል በቀረው ጊዜ ሁሉ ጎማ፣ ዘንግና ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ በሕዝብ መንገድ ላይ ጭነትና ሰው የሚይዝ መኪና ዲፈረንሻል አይበየድ። አቅም ካለ ሾፌሩ የሚያዝዘው መቆለፊያ ይገጠም፤ ከሌለ ሰንሰለት፣ ጥሩ ጎማና የተጠገነ መንገድ ይቅደሙ። ማንኛውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱንና የመድን ድርጅታችሁን ጠይቁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ክረምት መኪናችሁ የቆመባቸውን ቦታዎች ዘርዝሩ። ስንቶቹ በድንጋይና በቦይ ሊስተካከሉ ይችላሉ?
2. በሠንጠረዥ አስቀምጡ፦ የብየዳ ዋጋ፣ የአንድ ጥንድ ጎማ ዋጋ፣ የአንድ ዘንግ ዋጋ፣ መኪናው ሳይሠራ የሚውልበት ቀን ኪሳራ። ድምሩን ከመቆለፊያ ዋጋ ጋር አወዳድሩ።
3. የማኅበራችሁ ሾፌር መቆለፊያውን መቼ እንደሚፈታ ለአባላት በቃሉ ያስረዳ።